የሐሙስ ወረቀት፦ ለንደን ሰንጠረዥ ማንበብን እንዴት ተማረች

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ ሐሙስ ሐሙስ አንዲት ነጠላ ወረቀት ትታተም ነበር። በአንድ ገጿ የከተማዋ አጥቢያዎች ስም ከሳምንቱ ቀብር ብዛት ጋር ተደርድሯል፤ ጀርባዋ ላይ ደግሞ ሰዎቹ የሞቱባቸው በሽታዎችና አደጋዎች ከነአሃዛቸው ሰፍረዋል። ሰዎች የሟቾች ዝርዝር ይሏታል። ሰው ሲሞት ደወል ይደወላል፣ ወይም ለመቃብር ቆፋሪው ይነገራል። ይህን የሰማው የአጥቢያው ጸሐፊ ለዚሁ ሥራ ቃለ መሐላ የፈጸሙ አሮጊቶችን ይልካል። እነሱም አስከሬኑን አይተው፣ ቤተሰብና ጎረቤት ጠይቀው ሟቹ በምን እንደሞተ ይነግሩታል። ማክሰኞ ማታ የየአጥቢያው ሒሳብ ወደ ጸሐፊዎቹ ማኅበር አዳራሽ ይገባል፤ ረቡዕ ተደምሮ ይታተማል፤ ሐሙስ በዓመት 4 ሺሊንግ ለሚከፍሉ ደንበኞች ይታደላል።

ወረቀቷ ከወረርሽኝ (ከቸነፈር) ዘመን ወደ ወረርሽኝ ዘመን ብቅ ጥልቅ ስትል ቆይታ ሳታቋርጥ መታተም የጀመረችው ከ1603 ወዲህ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1629 ከወረርሽኙ ሌላ ያሉት የሞት መንስኤዎችና የወንድና የሴት ልዩነት ተጨመሩባት። የሟቹ ዕድሜ ግን እስከ 1728 ድረስ አልተጻፈም። ይህ ጉድለት ወደ በኋላ የሚነሳ ነው።

ደንበኞቹ ወረቀቷን እንዴት ያነቧት እንደነበር ጆን ግራውንት የተባለ ነጋዴ በትንሽ ምፀት ገልጾታል። አብዛኞቹ ከታች ያለውን ድምር አይተው ቀብሩ ከባለፈው ሳምንት መጨመሩን ወይም መቀነሱን ያረጋግጣሉ፤ ከዚያ እንግዳ የሆነ አሟሟት ካለ ለጨዋታ ማድመቂያ ይይዛሉ። በወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ ሀብታሙ ከከተማ የሚሸሽበትን ቀን፣ ነጋዴው የገበያውን ሁኔታ ይገምትባታል። ይህ ንባብ ስሕተት ነው አይባልም፤ አንድን ሳምንት ከአንድ ሳምንት ጋር ከማስተያየት ግን አያልፍም። ወረቀቷ ተነብባ ትጣላለች፤ ያለፉትን ሳምንታት አንድ ላይ አስቀምጦ የሚያይ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ግራውንት በ1620 የተወለደ፣ መርፌ፣ ክር፣ ቁልፍና የመሳሰለውን የሚቸረችር የለንደን ሱቀኛ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ የሚያውቀው ሒሳብ የሱቅ ሒሳብ ነው። የሠራው ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል፦ የብዙ ዓመታት ዝርዝሮችን ከማኅበሩ አዳራሽ ሰብስቦ ሳምንቱን ወደ ዓመት፣ ዓመቱን ወደ ዐሥርት ዓመት ደመረና ዓመታቱን በረድፍ፣ በሽታዎቹን በዓምድ አሰልፎ ጎን ለጎን አየ። ውጤቱን በ1662 በመጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት ገና የተመሠረተው የሮያል ሶሳይቲ የሳይንስ ማኅበር አባል ሆነ። የማኅበሩን ታሪክ የጻፈው ቶማስ ስፕራት እንደሚለው፣ ንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ እንዲህ ዓይነት ነጋዴ ሌላም ካገኛችሁ ያለ ምንም ክርክር አስገቡት ብሎ ነበር።

ዓመታቱ ሲደመሩ መጀመሪያ የተለወጠው የፍርሃት መጠን ነው። ግራውንት የያዛቸው 20 ዓመታት በድምሩ 229,250 ሟቾች ነበሯቸው። ከእነዚህ መካከል ተገድለው የሞቱት 86፣ በረሃብ የሞቱት 51፣ በእብደት ሞቱ የተባሉት 158 ብቻ ናቸው። በአንድ ሳምንት ወረቀት ላይ «የተገደለ፣ 1» የሚለው መስመር ዓይን ይስባል፤ ከሩብ ሚሊዮን ጥቂት በሚያንስ ድምር አጠገብ ሲቀመጥ ግን ከ2,600 ሟቾች አንድ ገደማ ይሆናል። ከተማው ሙሉ የሚያወራለትና ከተማውን የሚገድለው ነገር የተለያዩ መሆናቸው በቁጥር ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ከባዱ ሥራ ግን ሰንጠረዡ የማይናገረውን ማናገር ነበር። ዕድሜ አልተጻፈም። ግራውንት ስንት ሕፃናት እንደሞቱ ለማወቅ የፈለገው ከበሽታዎቹ ስም ተነሥቶ ነው። ጥርስ በማብቀል፣ በወስፋት፣ በሕፃናት የአፍ ቁስል፣ በመንቀጥቀጥ፣ በሪኬትስ (አጥንትን በሚያለሰልስ የልጆች በሽታ)፣ ያለ ጊዜው በመወለድ፣ ተኝታ ያለች ሴት ሳታውቀው ስለተጫነችው እየተባሉ የተመዘገቡት 71,124 ነበሩ፤ እነዚህ በሙሉ ከአራት ወይም ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች መሆን አለባቸው አለ። በፈንጣጣ፣ በኩፍኝና በመሳሰሉት ከሞቱት 12,210 ሰዎች ግማሹን ከስድስት ዓመት በታች አድርጎ ጨመረ። በወረርሽኝ የሞቱትን 16,000 ያህል ሰዎች ደግሞ በየዓመቱ የሚደርስ ነገር ስላልሆነ ከጠቅላላው ቀነሰ። የወጣው ውጤት ከ100 ልጆች 36ቱ ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ የሚል ነው። እዚህ ላይ ከውጤቱ ይልቅ የአሠራሩ ግልጽነት ይደንቃል። የትኛው ቁጥር የተቆጠረ፣ የትኛው የተገመተ መሆኑን አንባቢው እንዲያይ አድርጎ ስለጻፈው፣ ያልተስማማ ሰው ግማሹን ሲሶ አድርጎ እንደገና ማስላት ይችላል።

የበሽታ ስሞችን ራሳቸውንም በጥርጣሬ አያቸው። ሪኬትስ የሚለው ስም በዝርዝሩ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1634፣ ከ14 ሟቾች ጋር ነው፤ ከዚያ በኋላ እየበዛ ሄደ። አዲስ በሽታ መጣ ማለት ነው? ወይስ የቆየ በሽታ አዲስ ስም አገኘ? ግራውንት ይህን ለመለየት ወደ ጎረቤት ዓምድ ሄዶ ከዚህ በሽታ ጋር ሊምታታ የሚችለውን «የጉበት ማበጥ» ከዓመት ዓመት ተከታተለ። በአንዱ ዓምድ የጨመረው ከሌላው የጎደለ ከሆነ የተለወጠው መዝጋቢው እንጂ ሕመሙ አይደለም። አንድ መስመር ድንገት ሲያድግ አጠገቡ ያለው መቀነሱን መመልከት ዛሬም በሆስፒታል ሪፖርት ላይ የሚሠራ ፍተሻ ነው።

ከሁሉ የሚጥመው የቂጥኝ ነገር ነው። በሽታው በከተማው የተስፋፋ መሆኑን ማንም ያውቃል፤ በ20 ዓመት ውስጥ ግን በእሱ ሞቱ ተብለው የተመዘገቡት 392 ብቻ ናቸው። ግራውንት እነዚህ ሟቾች ከየት እንደመጡ አጥቢያ በአጥቢያ ሲያይ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከሁለት አጥቢያዎች፣ የከፉት የሴተኛ አዳሪ ቤቶች ከሚበዙባቸው ሰፈሮች፣ የተመዘገቡ ሆኑ። ክብር ያለው ቤተሰብ ለአሮጊቶቹ ቢራ አቅርቦ፣ ከተለመደው ክፍያ እጥፍ አስጨብጦ ሟቹን «ከስቶ ሞተ» ያሰኘዋል። በዚህ የክሳት በሽታ ረድፍ ላይ በሃያ ዓመት ውስጥ የተደመሩት 44,487 ናቸው። ያ ረድፍ ብዙ ገመና ሸፍኗል ማለት ነው።

ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ ተመሳሳይ ንባብ በአዲስ አበባ ተሠርቷል። ከ2001 ጀምሮ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተነሱ ተመራማሪዎች በከተማዋ የቀብር ቦታዎች የሚፈጸመው ቀብር እንዲመዘገብ አደረጉ፤ የሟቹ ጾታና ዕድሜ፣ ቤተሰብ የተናገረው የአሟሟት ምክንያትም ይጻፍ ነበር። ዓላማው ኤድስ በከተማዋ ላይ ያደረሰውን ሞት ማወቅ ነበር፤ ለቀስተኛ ግን ይህን ስም በመቃብር ጸሐፊ ፊት አያወጣም ነበር። «የሳንባ በሽታ» ይል ነበር። ተመራማሪዎቹ እንዲህ ያሉትን የይሉኝታ ስሞች ለይተው ከሟቹ ዕድሜ ጋር አስተያዩ፤ ለተወሰኑት ሟቾችም ቤተሰብ ዘንድ ሄደው የሕመሙን ምልክቶች ጠየቁ። ልማዱም ዘመኑም ሌላ ነው፤ ሰንጠረዡ የሚዋሽበት መንገድ ግን ያው ነው። የሚያሳፍረው በሽታ ከዝርዝሩ አይጠፋም፤ በማያሳፍር ጎረቤቱ ስም ይገባል።

ወረርሽኝም እንዲሁ ይደበቅ ነበር፤ ምክንያቱም ወረርሽኝ ገባበት የተባለ ቤት ከነነዋሪዎቹ ይታሸጋል። በ1625 በወረርሽኙ ሞቱ ተብለው የተመዘገቡት 35,417 ናቸው። ግራውንት ይህን ቁጥር ትቶ በዚያው ዓመት «በሌላ በሽታ» የሞቱትን ተመለከተ፤ ከወትሮው ዓመት እጥፍ በላይ ሆነው አገኛቸው። በአንድ ዓመት ሌላው በሽታ ሁሉ በአንድነት የሚያምፅበት ምክንያት ስለሌለ ትርፉ የተሸሸገ ወረርሽኝ ነው ብሎ፣ እውነተኛው ቁጥር ከተጻፈው በሩብ ያህል እንደሚበልጥ ገመተ። የተጠቀመበት መንገድ ዛሬ «ትርፍ ሞት» በሚል ስም ይታወቃል፤ በኮቪድ ዘመን የጤና ባለሙያዎች ሞቱን የለኩት በዚሁ ነው።

ትምህርቱ ወደ ተራ አንባቢዎች መድረሱ በ1665ቱ ታላቅ ወረርሽኝ ታየ። የባሕር ኃይል ባለሥልጣን የነበረው ሳሙኤል ፒፕስ በማስታወሻው እንደጻፈው፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ የአጥቢያው ጸሐፊ ዘጠኝ ሰው ሞቶ ሳለ ስድስት ብቻ ማስመዝገቡን ነገረው። በማግስቱ የወጣው ዝርዝር የሳምንቱ ሟች 7,496፣ ከእነሱ 6,102 በወረርሽኝ ይላል። ፒፕስ ወደ 10,000 ሳይጠጋ አይቀርም አለ፤ ድሆቹ ከመብዛታቸው የተነሣ የሚከታተላቸው የለም፣ ክዌከሮች የሚባሉት የሃይማኖት ወገኖችና እነሱን የመሰሉ ደግሞ ለሟቻቸው ደወል አያስደውሉም። ደወል ካልተደወለ አሮጊቶቹ አይላኩም፤ አሮጊቶቹ ካልተላኩ ዝርዝሩ ላይ የሚሰፍር የለም። በዓመቱ መጨረሻ 97,306 ጠቅላላ ሟቾች፣ ከእነሱም 68,596 በወረርሽኝ ተብሎ ታተመ፤ ይህን ቁጥር የሚጠቅሱ ሁሉ ግን የተደወለለትን ሰው ብቻ እየጠቀሱ ነው።

ስለ ከተማዋ ሕዝብ ብዛት በዘመኑ ሚሊዮኖች እየተባለ በድፍረት ይወራ ነበር። ግራውንት በሦስት በኩል ሄደበት። በዓመት 12,000 ያህል ልጆች ይወለዳሉ፤ አንዲት ሴት በሁለት ዓመት አንዴ ብትወልድ የሚወልዱት ሴቶች 24,000 ናቸው፤ ቤተሰቡ የዚህ እጥፍ፣ 48,000 ነው፤ ባልና ሚስት፣ ሦስት ልጆችና ሦስት አገልጋዮች ወይም ተከራዮች ተብሎ በስምንት ሲባዛ 384,000 ሰው ይሆናል። ሁለተኛ፣ በአንዳንድ አጥቢያዎች ከ11 ቤተሰብ በዓመት 3 ሰው መሞቱን አይቶ ከ13,000 የዓመት ቀብር ወደ ኋላ ሲያሰላ ወደ 48,000 ቤተሰብ ተመለሰ። ሦስተኛ፣ ካርታ ዘርግቶ በከተማዋ ቅጥር ውስጥ ያለውን ክፍል በእኩል አራት ማዕዘን ከፍሎ 11,880 ቤተሰብ አገኘ፤ ከከተማው ሟቾች ሩብ ያህሉ በቅጥር ውስጥ የሚሞቱ በመሆናቸው ይህም በአራት ሲባዛ እዚያው ያደርሳል። ስምንት ሰው በአንድ ቤት የሚለው ግምት በዝቷል ብሎ መከራከር ይቻላል። ሦስት የማይገናኙ መንገዶች አንድ ቦታ ሲደርሱ ግን ሚሊዮኑን የሚያወራው ሰው ማስረጃ የማምጣት ዕዳ ይወድቅበታል።

ግራውንት ከሁሉ በላይ የታወቀበት ሰንጠረዥ ግን ከሥራው ሁሉ ደካማው ነው። ከ100 ልጆች 64ቱ ስድስት ዓመት ይደርሳሉ፤ 40ው 16፣ 25ቱ 26፣ 16ቱ 36፣ 10ሩ 46፣ 6ቱ 56፣ 3ቱ 66፣ 1ዱ 76። መነሻው 36 ሰው መሞቱ ከዝርዝሩ የወጣ ነው፤ ከ64 ቀጥለው ያሉት ቁጥሮች ግን ከማንም መዝገብ አልተቆጠሩም፤ በየዐሥር ዓመቱ ተመሳሳይ እጅ እየተቀነሰ የተሞሉ ናቸው። የተስተካከለ ዓምድ ሲያዩ ማመን ቀላል ነውና ብዙዎች እንደ ቆጠራ ውጤት ጠቀሱት።

ትክክለኛው ሰንጠረዥ ከሌላ ከተማ መጣ። ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ቭሮትስዋፍ በምትባለው በብሬስላው ካስፓር ኖይማን የተባለ ቄስ ከ1687 እስከ 1691 ድረስ የተወለዱትንና የሞቱትን ከነዕድሜያቸው ሰብስቦ ነበር። መረጃው ለንደን ሲደርስ የሥነ ፈለክ ሊቁ ኤድመንድ ሃሊ በ1693 ከእሱ የዕድሜ ሰንጠረዥ አወጣ። ከ1,000 የአንድ ዓመት ሕፃናት 10 ዓመት የሚደርሱት 661፣ 20 የሚደርሱት 598፣ 40 የሚደርሱት 445፣ 60 የሚደርሱት 242፣ 80 የሚደርሱት 41 ናቸው። ሃሊ ዓምዱን አቅርቦ ዝም አላለም፤ አንባቢው እንዴት እንደሚጠቀምበት በተራ በተራ አስተማረ። የ40 ዓመት ሰው ሰባት ዓመት የመኖር ዕድሉ ስንት ነው? በ40 ትይዩ 445፣ በ47 ትይዩ 377 አለ፤ በመካከሉ 68 ሰው ሞቷል፤ ስለዚህ 377 ለ68፣ ማለትም አምስት ተኩል ለአንድ ያህል ነው። የ30 ዓመት ሰው እኩል በእኩል ዕድል እስከ ስንት ይኖራል? በ30 ያለውን 531 ለሁለት ከፍሎ 265 የት እንዳለ መፈለግ ነው፤ በ57ና በ58 መካከል ይገኛል።

ይህች ሁለተኛ ጥያቄ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ታጠራለች። በብሬስላው ከተወለዱት ግማሾቹ 17 ዓመት ሳይሞላቸው ያልቃሉ። ይህን የሰማ ሰው የዚያ ዘመን ሰው በ17 ዓመቱ እንደ ሽማግሌ ይታይ ነበር ብሎ ያስባል፤ ዓምዱ ግን 30 የደረሰ ሰው ገና 27 ዓመት ሊጠብቅ እንደሚችል ያሳያል። የአገር አማካይ ዕድሜ ዝቅ ሲል ብዙውን ጊዜ የሚያወርደው የሕፃናቱ ሞት ነው። ሃሊን ያነሳሳው ግን የገንዘብ ጉዳይ ነበር፦ የእንግሊዝ መንግሥት የዕድሜ ልክ አበል ለወጣትም ለአዛውንትም በአንድ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ሃሊ ዋጋው ከዕድሜ ጋር እንዴት መለወጥ እንዳለበት በሠራው ሰንጠረዥ ላይ ቆሞ አሰላ፤ የዛሬ የሕይወት መድን ሒሳብም ከዚያው ይጀምራል።

ቁጥሩን በትክክል አንብቦ ከቁጥሩ አልፎ መሄድም አለ። ሐኪሙ ጆን አርበስኖት ከ1629 እስከ 1710 ባሉት 82 ዓመታት በለንደን ክርስትና የተነሡት ወንዶች በየዓመቱ ከሴቶቹ መብለጣቸውን አሳየ። እንደ ሳንቲም ውርወራ ዕድሉ እኩል ቢሆን ይህ ፈጽሞ የማይሆን ነው። እስከዚህ ልክ ነው። እሱ ግን በአጋጣሚ ካልሆነ በእግዚአብሔር ጥበቃ ነው አለ። የሒሳብ ሊቁ ኒኮላስ በርኑሊ መልስ ሰጠ፦ 35 ገጽ ያለው ዳይስ 18ቱ ወንድ፣ 17ቱ ሴት ተብሎ ቢጣል ያንኑ ሰንጠረዥ ያወጣል። ሰንጠረዡ ዕድሉ እኩል አለመሆኑን መስክሯል፤ ለምን እንዳልሆነ ግን አልተጠየቀም፣ አልመለሰምም።

የመጨረሻው ትምህርት የመጣው የአሮጊቶቹ ዘመን ካለፈ በኋላ ነው። በ1837 የእንግሊዝ መንግሥት ልደትና ሞት የሚመዘግብ ጽሕፈት ቤት ከፈተ፤ ከ1839 ጀምሮ የሰንጠረዦቹ ኃላፊ ሐኪሙ ዊልያም ፋር ነበር። ፋር ከ1849ኙ ኮሌራ በኋላ የለንደንን ወረዳዎች ከቴምዝ ወንዝ በላይ ባላቸው ከፍታ ደረደራቸው። ከ20 ጫማ በታች ባሉት ከ10,000 ሰው 102፣ ከ20 እስከ 40 ጫማ ባሉት 65፣ ከ40 እስከ 60 ባሉት 34 ሞቷል፤ ወደ ላይ ሲወጣ እንዲሁ እየቀነሰ ይሄዳል። እንዲህ ያማረ ሰንጠረዥ በሕክምና ታሪክ ብዙ አይገኝም። ፋር ኮሌራ ከረግረግ በሚነሣ ክፉ አየር ይመጣል የሚለውን እምነት ደገፈበት። ቁጥሮቹ ትክክል ነበሩ፤ ነገር ግን ዝቅተኞቹ ሰፈሮች የሚጠጡትም ፍሳሽ ከገባበት የወንዙ ክፍል የተቀዳ ውሃ ነበር። ከፍታና ውሃ አብረው ስለሚሄዱ በከፍታ የተደረደረ ሰንጠረዥ ሁለቱን ሊለይ አይችልም።

ሐኪሙ ጆን ስኖው በ1854ቱ ኮሌራ ሰንጠረዡን በሌላ ረድፍ ደረደረው። በደቡብ ለንደን ሁለት የውሃ ኩባንያዎች በአንድ ጎዳና ላይ ጎረቤት ለጎረቤት ያጠጡ ነበር፤ «ሳውዝዋርክና ቮክሶል» የሚባለው ከከተማው መካከል ካለው የወንዙ ክፍል፣ ላምቤዝ ደግሞ በ1852 መቅጃውን አዛውሮ ከከተማው በላይ ካለው ንጹሕ ክፍል ይቀዳሉ። አየሩ አንድ ነው፣ ከፍታው አንድ ነው፣ ውሃው ብቻ ይለያል። የመጀመሪያው ኩባንያ በሚያጠጣቸው 40,046 ቤቶች 1,263፣ ሁለተኛው በሚያጠጣቸው 26,107 ቤቶች 98 ሰው በኮሌራ ሞተ። በ10,000 ቤት ሲሰላ 315ና 37 ነው። በቀሩት የለንደን 256,423 ቤቶች የሞቱት 1,422 ነበሩ፤ ጥሬውን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ከሁሉ የባሰው ይህ ነው ይላል። ስኖው ከጎኑ በ10,000 ቤት 59 ብሎ አሳትሟል፤ ማካፈሉን ደግሞ የሚሠራ አንባቢ ግን 55 ያገኛል። ስሕተቱ ድምዳሜውን አይነካም፤ የታወቀ ሰንጠረዥም ቢሆን በእርሳስ መፈተሽ እንዳለበት ግን ያሳያል።

ፋር ወዲያው አልተቀበለም፤ ስኖው በ1858 ሲሞት ክርክሩ ገና ነበር። በ1866 ኮሌራ በምሥራቅ ለንደን ሲነሣ ግን ፋር የሳምንቱን ሞት በከፍታ ሳይሆን በውሃ ኩባንያ ከፋፍሎ አወጣ። ሟቾቹ ከሞላ ጎደል በአንድ ኩባንያ፣ በኢስት ለንደን፣ አካባቢ ተከማችተው ታዩ፤ ኩባንያው ኦልድ ፎርድ ላይ ካለው ክፍት ማጠራቀሚያው ያልተጣራ ውሃ መልቀቁም በምርመራ ተረጋገጠ።